ባቄላ በምን ሴት ሆነች?

አንድ ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ «ይህች ወንበር አያቴ የሠሯት ናት» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀይ መስመር የሚያሰምርበት መምህር አይታጣም። ግዑዝ ነገር በአማርኛ የሚነገረው በተባዕታይ ጾታ ነው ይባላልና። እኔ ግን መስመሩ ያለ አግባብ ተሰመረ እላለሁ።

እስቲ በገበያ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጣ ብላችሁ አድምጡ። ገዢው ጋቢውን እያገላበጠ «ይህችን ስንት ትላታለህ?» ይላል። ሻጩ ደግሞ «ይህን የመሰለ ጋቢ ከየት ታገኛለህ?» ብሎ ይመልሳል። ጋቢው አንድ ነው፤ ገዢው በአንስታይ ጾታ የጠራው አሳንሶ በርካሽ ለመግዛት ነው። አንዲት እናት «ይህች ጎጆዬ» ስትል ግን ቤቷን መውደዷ ነው። «ይህች ባቄላ ካደረች አትቆረጠምም» በሚለው ተረት ባቄላን ሴት ያደረጋትም ትንሽነቷ ነው። ማሳነስ፣ መውደድ፣ አንዳንዴም መናቅ፣ ሁሉም በዚህች በአንዲት «ች» ይገለጻሉ።

በጀርመንኛ ነገሩ ሌላ ነው። ቋንቋው ተባዕታይ፣ አንስታይና ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለው። ፀሐይ አንስታይ፣ ጨረቃ ተባዕታይ ናቸው፤ ተናጋሪው ቢወድም ቢጠላም አይለውጣቸውም። ብዙ ጊዜ ጾታን የሚወስነው የቃሉ መድረሻ ነው። «ሸን» የምትባለው የማሳነሻ ቅጥያ የተጨመረባት ስም ሁሉ ወደ ሦስተኛው ጾታ ይዛወራል። ስለዚህ «ሜትሸን» ትርጓሜዋ ልጃገረድ ሆኖ ሳለ፣ በሰዋስው ሴት አይደለችም! ትንሽነት በእኛ ዘንድ ወንበርን ወደ ሴትነት ሲያስገባ፣ በእነርሱ ዘንድ ልጃገረዲቱን ከሴትነት ያስወጣታል። የጀርመንኛ ዘመድ የሆነው እንግሊዝኛም ይህን የመሰለ የስም ጾታ ነበረው፤ በመካከለኛው ዘመን ጣለው።

በእርግጥ በአማርኛም ልማድ ያጸናቸው አሉ፤ «ፀሐይ ወጣች»፣ «ጨረቃ ገባች» እንላለን። ስለ ከተማ ስንናገርም፣ ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር እንላለን እንጂ «ይባል ነበር» ማለት ለጆሮ ይከብዳል። ለወንበር፣ ለጋቢና ለባቄላ ግን ምርጫው የተናጋሪው ነው።

ያ ተማሪ «ይህች» ሲል፣ ወንበሯ ትንሽ መሆኗን፣ አያቱንም መናፈቁን ሌላ ቃል ሳይጨምር ነግሮናል። ቀይ መስመሩ ይህንኑ ሰረዘበት። ከቤቱ ይዞት የመጣውን አነጋገር ስሕተት ነው ካሉት፣ በሚቀጥለው ድርሰቱ «ይህ ወንበር» ብሎ ይጽፋል፤ ናፍቆቱም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል።

«ይህች ወንበር ተሰበረ» ብሎ ቢጽፍ ግን መስመሩ ይሰመርበት። ሴት ብሎ የጀመራትን ወንድ አድርጎ ጨርሷታልና።