በወረርሽኝ ዘመን የሽርሽር ማዕድ

ሰው ለዕረፍትና ለተድላ ወደ ሩቅ ስፍራ ለመሄድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚያየው ነገር እንጂ ስለሚበላው አልነበረም፤ እንጀራስ ገንዘብ ባለበት ሁሉ አይጠፋም ብሎ ያምን ነበርና። ይህ እምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓመት፣ የኮሮና ደዌ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ከዘጋው ወዲህ፣ የማይጸና ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ለዚያ ዓመት የፈረንጆች ገና ልጆቻቸውን ይዘው በፍሎሪዳ በኦርላንዶ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለመጓዝ ይሰናዱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን፣ ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከአትላንታ የሚነሡት ሁሉ፣ የጉዞአቸውን አሳብ ከማዕዱ እንዲጀምሩ በዚያን ጊዜ መክሬአቸው ነበር፤ የማዕዱን ነገር ለኋላ ያቆየ ሰው በብዙ ድካም ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ዕረፍት የተራበ ሕፃን በማባበልና ምግብ ቤት በመፈለግ ይጨርሰዋልና።

ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ወደ 25,000 ኤከር በሚደርስ መሬት ላይ አራት ታላላቅ የመዝናኛ አጸዶችን፣ እነርሱም ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የሚባሉትን፣ ከብዙ ሆቴሎች ጋር አቅፎ የያዘ፣ ከተማ ቢባል የማይበዛበት ቦታ ነው። በ2020 በማርች 15 ማታ በወረርሽኙ ምክንያት በሮቹ ሲዘጉ በየወጥ ቤቱ የተከማቸው አትክልትና የተሰናዳ ምግብ ሴከንድ ሃርቨስት ለሚባለው ለማዕከላዊ ፍሎሪዳ የምግብ ባንክ ተሰጠ፤ ከዚያም አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ያ ሁሉ አደባባይ ሰው አልባ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በጁላይ 11 ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም፣ በ15ኛው ቀን ደግሞ ሁለቱ የቀሩት ተከፈቱ። ነገር ግን የተከፈተው እንደ ተዘጋው አልነበረም። የማታው ርችት አልነበረም፤ የቀኑ ታላቅ ሰልፍ ቀርቶ ነበር፤ ሚኪ ማውስም ልጆችን ማቀፉን ትቶ በሠረገላ ላይ ሆኖ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ ያልፍ ነበር። የመግቢያ ትኬት የገዛ ሰው የትኛውን አጸድ በየትኛው ቀን እንደሚጎበኝ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነበረበት፤ በበሩ ላይ ሙቀቱ ይለካ ነበር፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያለ ሕፃን ሁሉ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ግን የመብል ሥርዓቱ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ይወደው የነበረው ቡፌ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጭልፋ እየተቀባበለ ከአንድ ትሪ የሚያነሣበት አሠራር፣ ጨርሶ ቆሞ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የአፍሪካን ልዩ ልዩ መባልዕት በማቅረብ የታወቀውና ብዙ ሐበሻ ሲሄድ ሳያይ የማያልፈው፣ በአኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚገኘው ቦማ የተባለው ምግብ ቤት እንደ ተዘጋ ነበር። የሆቴሉ ኪራይና ምግቡ በአንድነት አስቀድሞ የሚከፈልበት ዕቅድም ታግዶ ነበር። የተከፈቱት ምግብ ቤቶች ጠረጴዛዎቻቸውን በስድስት ጫማ ስላራራቁ የሚያስተናግዱት ሰው አንሶ ነበር፤ በኤፕኮት ሐይቅ ዙሪያ የ11 አገሮችን ገጽታ በሚያሳየው ሰፈር ከየአገሩ መጥተው እንግዳ ይቀበሉ የነበሩ ወጣቶችም በማርች ወደየአገራቸው ተሸኝተው ነበር። ይህ ሁሉ ሳያንስ ኩባንያው በሴፕቴምበር 29 በአሜሪካ ካሉት የመዝናኛ ስፍራዎቹ 28,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ ከእነርሱም ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሙሉ ሰዓት የማይሠሩ ነበሩ። ጠረጴዛው ቢኖር አስተናጋጁ አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን የማዕድ እገዳ ሲያማርር እሰማ ነበር፤ እኔ ግን እገዳው ተገቢ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። በአጸዱ ውስጥ ሲዘዋወር የዋለ ሰው አፉና አፍንጫው የሚገለጥበት ሰዓት ቢኖር የማዕድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ በዝግ ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆየው። ሲዲሲ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በዚሁ በሴፕቴምበር ባወጣው ጥናት፣ በ11 የሕክምና ተቋማት የተመረመሩ 314 ጎልማሶችን ጠይቆ ነበር፤ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት በምግብ ቤት ተመግበን ነበር የማለታቸው ነገር ካልተገኘባቸው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ጥናቱ በደጅ የበላውንና በቤት ውስጥ የበላውን አልለየም፤ ቢሆንም ለአስተዋይ ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። የፍሎሪዳ አገረ ገዥ በሴፕቴምበር 25 የምግብ ቤቶችን ገደብ ሲያነሡ፣ የዲዝኒ አስተዳደር ግን የራሱን ርቀትና ጥንቃቄ እንደ ያዘ መቅረቱን ያመሰገንሁት ስለዚህ ነው።

በሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ደውላ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ ከማርች ጀምረው ኮምፒዩተር ላይ ተተክለው ፊታቸው ገረጣ፤ ለፈረንጆች ገና ፍሎሪዳ ልወስዳቸው አስቤአለሁ፤ ግን ምን እንደምንበላ ግራ ገባኝ፤ ጾሙም አለ» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙ እናቶች ጥያቄ ስለነበረ መልሴን እዚህ ላይ አሰፋዋለሁ።

ቀድሞ በዚያ ስፍራ በጠረጴዛ ተቀምጦ ለመብላት የሚሻ ሰው ከ180 ቀን በፊት ቦታ ማስያዝ ይችል ነበር፤ አሁን ግን ይህ ወደ 60 ቀን ወርዷል። እንግዲህ ለዲሴምበር 26 ምሳ ወይም እራት የሚፈልግ ቤተሰብ ቀኑን ቆጥሮ ኦክቶበር 27 ማለዳ፣ ገና ልጆቹ ሳይነሡ፣ ስልኩን ይዞ መቀመጥ አለበት፤ ጥቂት ጠረጴዛ ብዙ ፈላጊ ስላለው ያረፈደ ሰው የሚያገኘው ሌላው የተወውን ሰዓት ነው። ሆኖም በየቀኑ ለሦስት ማዕድ ቦታ ለማስያዝ መሽቀዳደምን አልመክርም። ለአንድ ቀን አንድ የተቀመጡበት ማዕድ ይበቃል፤ እርሱም ቢቻል በደጅ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ቢሆን ይመረጣል። የቀረውን በእጅ ስልክ መተግበሪያ አዝዞ መቀበል ይቻላል፦ ምግቡንና ሰዓቱን መርጠው ይከፍላሉ፤ ምግቡ ሲደርስ ስልኩ ያስታውቃል፤ በዚያ ዓመት ከዚህ በፊት ወደ ምግብ ቤቱ መግባት አይፈቀድም ነበር። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ይህን አሠራር ስለማይለምዱት፣ ከቤተሰቡ አንዱ ሳይነሡ በፊት መተግበሪያውን ጭኖ፣ የባንክ ካርዱን አስገብቶ፣ ደጋግሞ ቢሞክረው መልካም ነው።

የጾሙ ነገር ግን ይበልጥ አሳሰበኝ፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው የዲሴምበር ሳምንታት ሁልጊዜ በጾመ ነቢያት ውስጥ ናቸውና፤ ጾሙ ኅዳር 15፣ ማለት ኖቬምበር 24 ገብቶ፣ በጃንዋሪ 7 ልደት ይፈታል። ጿሚ ሰው በቡፌ ዘመን ዓይኑ እያየ ያሻውን አትክልትና ሩዝ ያነሣ ነበር፤ በወረርሽኙ ጊዜ ግን ያ መንገድ ተዘጋ። ደግነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያ ስፍራ ባሉ ምግብ ቤቶች ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ነጻ የሆኑ ከ400 የሚበልጡ የምግብ ዓይነቶች ተሰናድተው፣ በዝርዝሩ ላይ በቅጠል ሥዕል ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ምንም እንኳ ለእኛ ሕገ ጾም ታስቦ የተደረገ ባይሆንም፣ ያን ቅጠል የተከተለ ጿሚ ሕጉን ሳይተላለፍ ጠግቦ ይውላል። ሌላም ነገር አስተውያለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ለማዕድ የሚቀርበው ሌላው ሕዝብ ምሳውን ጨርሶ ከተነሣ በኋላ፣ የእራቱም ግርግር ሳይጀመር በፊት ነው፤ በቀን ውስጥ ምግብ ቤቶቹ ባዶ የሚሆኑበት፣ ጠረጴዛውም ሰልፉም የሚቀልበት ሰዓት ይህ ነው። አበው ለነፍስ የሠሩት ሥርዓት በዚያ ዘመን ሥጋንም ከተጨናነቀ ቤት ሲያርቅ ማየት እኔን እጅግ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ጿሚ ያልሆነው ቤተሰብ እንኳ ይህን ሰዓት ቢመርጥ ይጠቀማል። ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን ቀደም ብሎ የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል።

ለእነርሱም ለእኛም የሚሆነው ስንቅ ነው። በእነዚህ አጸዶች የመስታወት ዕቃና አልኮል እስካልያዘ ድረስ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት የተፈቀደ መሆኑን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁም፤ በበሩ ላይ ቦርሳው ተፈትሾ ያልፋል። ከዋሽንግተን እስከ ኦርላንዶ ያለውን 850 ማይል ያህል መንገድ በመኪና የሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ ጓዳውን ይዞ ለመሄድ የሚያግደው የለም፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ በየመንገዱ ምግብ ቤት መግባት ሳያስፈልግ አገር ያሻግራል። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያው ቀን የሱፍ ፍትፍቱን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ለየልጁ ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ከፋፍላ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጥ አስባ ነበር፤ ከአንድ መሶብ መብላት ባህላችን ቢሆንም ልጆቹ ከየዕቃቸው በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን አጽድተው መሸፈኛቸውን መልሰው እንዲያጠልቁ አስቀድማ በቤት ውስጥ ታለማምዳቸው ነበር። ሆቴል ሲመረጥም በክፍሉ ውስጥ ማቀዝቀዣ መኖሩን፣ ቢቻል ምግብ ማሞቂያም ያለው መሆኑን መጠየቅ ከመዋኛው ገንዳ ስፋት ይልቅ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በእነዚያ ምግብ ቤቶች የቀሩት አስተናጋጆች ባልደረቦቻቸው የተሰናበቱባቸው፣ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ሸፍነው ከተገለጠ ፊት ሁሉ ጋር የሚነጋገሩ፣ የሌላውን ደስታ ለማገልገል ራሳቸውን ለአደጋ ያጋለጡ ሰዎች ነበሩ። ከእኛም ማኅበረሰብ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ ልጆቹን ያሳደገ ስንት ሰው እንዳለ እናውቃለን። አስተናጋጁ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ መሸፈኛችንን መልሰን እናጥልቅ፤ ምግብ ዘገየ ብለን አንቆጣ፤ ጉርሻውንም ከወትሮው እናብዛለት ብዬ መከርሁ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ጉዞውን ለሌላ ዘመን ቢያቆየው ይሻላል አልሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ትልቁ ጥያቄ የመመለሻው ቀን ነበር። እህቴ፣ ማለት የልጆቹ አያት፣ በዚያው ቤት ትኖራለች፤ የስኳር ሕመምም አለባት። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር በሽታው ከበዛባቸው ግዛቶች የሚመለስ ሰው 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ከጁላይ ጀምሮ አዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ሜሪላንድን ባይመለከትም ምክሩ ለሁሉ ይሠራ ነበር። ከጃንዋሪ 7 ወደ ኋላ 14 ቀን ቢቆጠር ዲሴምበር 24 ይሆናል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከፍሎሪዳ የተመለሰ ቤተሰብ ከአያቱ ጋር በአንድ ማዕድ ጾም ሊፈታ አይገባውም ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ዝም አለች፤ እናቷ ልጆቹ ሳይኖሩ ገናን ብቻዋን እንድትውል አትወድምና። ትምህርቱ በኮምፒዩተር ስለነበረ መምህራኑን አስፈቅዳ ጉዞውን ወደ ዲሴምበር የመጀመሪያው ሳምንት ለማምጣት ወሰነች፤ ከተመለሱ በኋላም ሁለቱ ሳምንታት እስኪያልቁ እህቴ ወደ እኔ ቤት እንድትመጣ ተወሰነ። ለእነዚያ ቀናት የ60 ቀኑ በር አስቀድሞ ስለተከፈተ ጥሩ ጥሩው ጠረጴዛ ተይዞ ነበር፤ ለእራት የሚሆን አላገኘችም፤ ለዘጠኝ ሰዓት ግን ለሁሉም ቀን አገኘች።