ሳይሻግት የሚሰጥ እንጀራ

በአዲስ አበባ፥ በልደታ፥ እንጀራን በእግር መርገጥ ነውር ነው፤ ነገር ግን ያው እንጀራ ከጥራጊ ጋር ሲጣል የሚያፍር ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ንቀት ሳይሆን አለመመጠን ነው። ሊጥ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃልና የቤት እመቤት የብዙ ቀኑን በአንድ ጊዜ ትጋግራለች፤ እንግዳ ቢመጣ እንዳታፍርም ጥቂት ትጨምራለች። እንጀራ ግን እርጥበት አለበትና በታፈነ ዕቃ ሲቀመጥ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻግታል።

ቀድሞ ግቢ ያለው ሰው የተረፈውን ለዶሮና ለበግ ይሰጥ ነበር። በልደታ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተ ሰብ ግን ይህ አይመችም፤ ስለዚህ በፌስታል ቋጥሮ ያወጣዋል። አንዳንዱም የሻገተውን በደጅ ለቆመ ድኃ ሰጥቶ፥ መጸወትሁ ይላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የባለቤቱን ሆድ የሚያሳምም ሻጋታ የድኃውንም ሆድ ያሳምማልና። በ1966 እና በ1977 ዓመተ ምሕረት በወሎ ብዙ ሕዝብ በራብ አልቋል፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው እንጀራን እስኪበላሽ ድረስ ሊያቆየው አይገባም።

ብልህ ቤተ ሰብ የሚጋገረውን እንደ በላተኛው ቍጥር ይመጥናል። የሚተርፈውንም ሳይሻግት ቈራርሶ በፀሐይ ያሰጣዋል፤ እንዲህ የደረቀው ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ በወጥ ሲፈረፈርም መልካም ምግብ ነው። ለድኃ የሚሆነውም በተጋገረበት ቀን ይለይ፤ ለድኃ የሚሰጠው፥ ባለቤቱ ራሱ ሊበላው የሚወድደው እንጀራ ሊሆን ይገባልና።