ሶዶ መጥታችሁ ሥጋ ብቻ በልታችሁ አትመለሱ

ዛሬ ስለ ምግብ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ሃላሌ ሳለሁ ያስተማርኩት ልጅ ከቺካጎ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ የሥራ ጓደኞቼ የግሪክ ሬስቶራንት ሊጋብዙኝ ነው። ምን ልዘዝ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ግሪክን የማውቀው በታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ከሶቅራጥስ ሌላ የማውቀው ግሪካዊ የለም። «አስተናጋጁን ጠይቀው፤ ራሱ የሚበላውን እንዲያመጣልህ ንገረው» ብዬ ዘጋሁት። ለቀልድ ነበር።

ልጁ ግን የምሩን ወሰደው። በነጋታው ደውሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? ጓደኞቹ ሁሉ ያዘዙት ጋይሮ የሚባለውን፣ በብረት ተሰክቶ እየተሽከረከረ የሚጠበሰውን ሥጋ በቂጣ ነው። ከዚያ አይብ በመጥበሻ መጣ፤ እሳት ተለኮሰበትና ቤቱ በሙሉ «ኦፓ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው አስተናጋጅ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላው የነጭ ቦሎቄ ሾርባና የተቀቀለ ጎመን ነበር። «ቲቸር፣ እኔ የእሱን ለመንኩት። ስቀምሰው እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ቺካጎ ውስጥ ሃልስተድ በሚባለው ጎዳና ላይ የግሪኮች ሰፈር አለ። ያ እሳት የሚለኮስበት አይብ ከግሪክ መንደር የመጣ አይደለም፤ እዚያው ቺካጎ፣ በፈረንጆቹ 1968 በተከፈተው «ፓርተኖን» የተባለ ሬስቶራንት እንደተጀመረ ነው የሚነገረው። ጋይሮውም ቢሆን በ1970ዎቹ እዚያው ከተማ ውስጥ በፋብሪካ እየተመረተ ነው በመላው አሜሪካ የተዳረሰው። ግሪኮቹ ራሳቸው ብሔራዊ ምግባችን የሚሉት ግን ያንን የቦሎቄ ሾርባ ነው፤ «ፋሶላዳ» ይሉታል። ጎመኑ ደግሞ «ሆርታ» ይባላል፤ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል ተቀቅሎ የወይራ ዘይትና ሎሚ ይደረግበታል። የገበሬ ምግብ ነው፤ እሳት የለው፣ ጩኸት የለው።

ይህን ሳነብ አእምሮዬ ቀጥታ ሶዶ ገባ።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር። አዲስ አበባ ላይ «ወላይታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ቤት ብታዩ ምን ትጠብቃላችሁ? ጥሬ ሥጋ። ሐዋሳም ብትሄዱ ያው ነው። ሶዶ ራሷ የሚመጣ እንግዳም ከመኪና ሳይወርድ «ቁርጥ የት ነው?» ይላል። ሥጋችን ተወዳጅ መሆኑ ያኮራኛል፤ እኔም ሻኛና ጎድን ሲመጣ ፊቴን አላዞርም። ግን ስማችን በአንድ ቢላዋ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ያሳስበኛል። ሥጋው የእኛ «ኦፓ» ሆነ ማለት ነው፤ ከጀርባው ያለውን ማዕድ ማንም አያየውም።

በቅርቡ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነበረኝ። ሶዶ ውስጥ አንድ ደህና ሆቴል ወሰድኩት (ስሙን ተዉት)። «የአገራችሁን ምግብ አብላኝ» አለኝ። ሜኑውን ገለጥኩ፤ ፓስታ አለ፣ ፒዛ አለ፣ ክለብ ሳንድዊች አለ፣ ጥብስ በየዓይነቱ አለ፣ ቁርጥ አለ። አስተናጋጇን ጠራኋትና «ቦዬ የለም? ጎደሬ በዳጣ? ሙቹዋስ?» አልኳት። ልጅቷ አፈረች፤ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ እሱን እኮ እቤታችን ነው የምንበላው» አለችኝ።

በልጅቷ አልተናደድኩም። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ከሃላሌ ወጥቼ ከተማ ስማር እናቴ በቅጠል ጠቅልላ የሰጠችኝን የተቀቀለ ጎደሬ የምበላው ለግድግዳ ዞሬ ነበር፤ የከተማ ልጆች እንዳያዩኝ። ዳቦ የያዘ ልጅ በአደባባይ ይበላል፣ ጎደሬ የያዘ ይደበቃል። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ያንኑ መደበቅ በተማሪዎቼ አየሁ። ከእናንተ መካከል ይህንን እያነበበ አንገቱን የሚደፋ እንዳለ አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ እኔም አብሬያችሁ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የወላይታ ሥጋ ለምንድን ነው የሚጣፍጠው? በሬው ከሰማይ አልወረደም። ሲያርስ ኖሮ ጓሮ ይታሰራል። ከዚያ የቤቱ ሰው የስኳር ድንች ሐረጉን፣ የእንሰት ቅጠሉን፣ የበቆሎ አገዳውን እየቆረጠ ለወራት በእጁ ያበላዋል። እናንተ «ጮማ» ብላችሁ የምታደንቁት ነገር የተሠራው ከስኳር ድንችና ከእንሰት ማሳ ነው። በሬው የበላውን እያመሰገንን፣ ባለቤቶቹ የሚበሉትን ከሜኑ እናወጣለን! ይሄ እንዴት ይሆናል?

ሌላም ነገር አለ። ሥጋ በወላይታ ገበሬ ቤት የዕለት ምግብ ሆኖ አያውቅም። የጊፋታ ነው። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ እያዋጡ ሰንጋ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ የቅቤውን ያጠራቅማሉ። መስከረም ሲመጣ «ዮዮ ጊፋታ» ተብሎ ይታረዳል፣ ይበላል። የቀረውን ዓመት የተሸከመችው እንሰት ናት፤ «ኡታ» የምንላት። ጎደሬ ናት፣ ቦዬ ነው፣ ስኳር ድንች ነው፣ ጎመን ነው። ሥጋው የወንዶች ቢላዋ ሥራ ሲሆን ሌላው ሁሉ የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው። እንሰት ፍቃ፣ ቀብራ፣ አብላልታ፣ ጨምቃ፣ ጋግራ የምታቀርበው እናት ናት። ዳጣውንም የምትፈጨው እሷው ናት። የምግብ ቤቱ ሜኑ ላይ ግን የእሷ ሥራ «ከሥጋ ጋር በነፃ የሚመጣ ማባያ» ሆኖ ቀረ።

«ቲቸር፣ ረሃብን ልታሞካሽ ነው እንዴ? ሰዉ ጎደሬ የሚበላው ሥጋ ስላጣ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ችግሩን ያየ ሰው ይጠይቀዋል። መልሴ ግን ይሄ ነው፦ ወላይታ ክፉ ረሃብ ያየችው ጎደሬና ስኳር ድንች በመብላቷ አይደለም፤ ስኳር ድንቹ በማሳ ላይ በደረቀባቸው ዓመታት ነው። እንሰቱን አጠውልጎ የሚገድለው በሽታ ጓሮ ሲገባ የእናት ፊት እንዴት እንደሚጠቁር ያየ ያውቃል። እነዚህ ተክሎች የድህነታችን ምልክት ሳይሆኑ ከድህነቱ ጋር ተናንቀው ያቆዩን ናቸው። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል «ቦሎሶ አንድ» የሚባል የጎደሬ ዝርያ ያወጣው እኮ ተክሉ ጥናትና ክብር ስለሚገባው ነው። ገበሬው ያመርታል፣ ተመራማሪው ያሻሽላል፣ ሆቴላችን ግን ያፍርበታል።

ወደ ግሪኮቹ ልመልሳችሁ። አንሰል ኪስ የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ በሰባት አገሮች የሰዎችን አመጋገብና የልብ በሽታን ማጥናት ጀመረ። ከተጠኑት ውስጥ የልብ በሽታ በጣም ዝቅ ብሎ የተገኘው በቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች ላይ ነበር። ሰዎቹ ድሆች ናቸው። የሚበሉት ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የወይራ ዘይት፤ ሥጋ አልፎ አልፎ። ያ የድሃ ማዕድ ዛሬ «የሜዲትራኒያን አመጋገብ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ በውድ ይሸጣል፤ በ2010 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የእኛ ጎደሬ የልብ መድኃኒት ነው አላልኩም፤ ያልተጠናውን አላወራም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የድሃ ምግብ ባለቤቱ ሲያፍርበት የድሃ ምግብ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቱ ገበታ ላይ ሲያስቀምጠው ዋጋ ያወጣል።

ዋጋ ስል ብርም ማለቴ ነው። ሃላሌ ገበያ ላይ ጎደሬዋን ዘርግታ ፀሐይ የሚመታትን እናት አስቡ። ማታ ያልተሸጠውን ተሸክማ ዳገቱን ትመለሳለች። ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ እንግዳው በዝቷል። በየስብሰባው የሚዘረጋው ቡፌ ላይ ሩዝና ማካሮኒ አይጠፋም። ከዚያ ሩዝ ጎን አንድ ሳህን ቦዬ ቢቀመጥ የዚያች እናት ሸክም ወደ ላይ ዳገት ሳይሆን ወደ ሶዶ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ ለጊፋታም ሆነ ለሥራ ሶዶ ለምትመጡ፣ የእኔ ምክር ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ሥጋውን ብሉ፤ ማን ይከለክላችኋል! ግን የቄራ ማህተም ያለው መሆኑን ጠይቁ። ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማፈር አያስፈልግም። የፈራ ጥብስ ይዘዝ።

ሁለተኛ፣ ዳጣውን በአረንጓዴውም በቀዩም አስመጡ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ የገባበት ዳጣ ያለበት ቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ የምታውቅ እናት አለች ማለት ነው። የቤቱን ደረጃ በሥጋው ሳይሆን በዳጣው መዝኑ።

ሦስተኛ፣ የተቀቀለ ቦዬ ወይም ጎደሬ በዳጣና በአይብ። ትኩሱን። ይህን ሳትቀምሱ «ወላይታ በላሁ» አትበሉኝ።

አራተኛ፣ ቆጮ በጎመንና በአይብ። ሙቹዋና ባጭራ ካማራችሁ ደግሞ በድንገት ገብታችሁ አትጠይቁ፤ ጊዜና ቅቤ የሚፈልጉ የክብር ምግቦች ናቸው። ከአንድ ቀን በፊት ተናገሩ፣ ወይም የወላይታ ወዳጅ አብጁና ቤቱ ሂዱ። ወዳጅ ከሌላችሁ እኔ አለሁ።

አምስተኛ፣ ከምግቡ በኋላ ማኪያቶ ከማዘዝ «ሀይታ ቱኬ አለ?» በሉ። የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ በቅመም የሚጠጣው ነው። ላብ ያወጣችኋል፣ ድካማችሁን ይዞት ይሄዳል።

ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶችም አንዲት ልመና አለችኝ። ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ናችሁ፤ ስለዚህ ደፍሬ እናገራለሁ። ሜኑውን ሁሉ ቀይሩ አላልኳችሁም። አንድ መስመር ጨምሩ። አንድ! በወላይትኛ ስሙ ጻፉት፣ ከሥሩ በአማርኛ አብራሩት፣ ዋጋ አውጡለት። «ደንበኛ አይጠይቅም» ትላላችሁ። ደንበኛ ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይጠይቃል? ፒዛንስ ማን ጠይቋችሁ ነው የጻፋችሁት? ጎደሬውን ደግሞ ከነጋዴ ሳይሆን ከእናቶቹ ግዙ።

ሌሎቻችን ደግሞ እንጠይቅ። እንግዳ ይዘን ስንገባ ጮክ ብለን «ቦዬ አለ?» እንበል። የለም ቢሉንም እንበል። አሥር ሰው ከጠየቀ በአሥራ አንደኛው ቀን ይገዛሉ፤ ንግድ ነዋ።

ያቺ አስተናጋጅ ልጅ በዚያን ቀን ምን እንዳደረገች ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ሂሳብ ከፍለን ልንወጣ ስንል ከኋላ ጠራችኝ። ለሠራተኞች ምሳ የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበራቸው፤ በትንሽ ሳህን፣ ከዳጣ ጋር አምጥታ ለእንግዳዬ ሰጠችው። ቆሞ በላው። ጨርሶ ጣቱን ላሰና «ይሄን ትታችሁ ነው ፓስታ የምታበሉን?» አላት። ልጅቷ ሳቀች። እኔ መልስ አልነበረኝም።

እስቲ እናንተም ከታች ጻፉልኝ፦ እቤታችሁ የምትበሉት፣ እንግዳ ፊት ግን የምትደብቁት ምግብ ምንድን ነው? ከወላይታ ውጭ ያላችሁም ጻፉ፤ የእናንተም ቤት እንደእኛው ይመስለኛል። ለቺካጎው ልጄ ደግሞ፦ አንተ ስትመጣ ሃላሌ እናትህ ቤት ነው የምንገናኘው። ሜኑ የለም፤ የተሠራውን እንበላለን።

መልካም ሰንበት።