ቤዝን ሰይጣን አልፈጠረውም



አቦምሳ የሚኖር ወጣት ዛሬ የለንደንን ሙዚቃ በስልኩ መስማት ይችላል። ከዚያ መካከል ደብስቴፕ የሚባለው አለ፤ ጨለም ያለ፣ ቃል የማይበዛበት፣ ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ቤዝ። ስለዚህ ድምፅ ሲጠየቁ «የአጋንንት ነው» ብለው ጉዳዩን የሚዘጉ አገልጋዮች አሉ። እኛ ግን ይህ ፍርድ ከእግዚአብሔር ቃል የተገኘ ነው ብለን አናምንም።

በቅድሚያ የምናወግዘውን ነገር እንወቀው። ደብስቴፕ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ለንደን፣ በተለይም በክሮይደን ተወለደ። ስክሪምና ቤንጋ ሥራውን ሲጀምሩ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ዲጂታል ሚስቲክዝ የተባሉት ማላና ኮኪ ደግሞ ከጃማይካ ደብ ብዙ ወርሰዋል። ደብ ማለት ሻሸመኔ ላይ የምናውቀው ሬጌ ዘፈኑ ተቀንሶለት ከበሮውና ቤዙ ጎልቶ ሲቀር ነው። የደብስቴፕ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 140 ምት ይጠጋል፤ በምቱ መካከል ሰፊ ዝምታ ስላለ ግን ቀስ ያለ ይመስላል። እነማላ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዲኤምዜድ የተባለውን ምሽት ያዘጋጁ የነበረው ብሪክስተን ባለው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ በሚገኝ ክለብ ነበር። ሰውንም የሚጠሩት በቤዙ ክብደት እንዲያሰላስል ነበር። ይህ ሙዚቃውን ቅዱስ አያደርገውም፤ «ጭፈራና ጩኸት ብቻ ነው» የሚለውን ክስ ግን ያፈርሳል።

ቤሪያል የተባለውም አለ። ስሙ «ቀብር» ማለት ስለሆነ ብቻ የሚፈርድበት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን «አንትሩ» የተሰኘ አልበም የሚሰማ ሰው ግን የሚያገኘው የሌሊት ከተማ፣ ዝናብና የተቆራረጠ የሰው ድምፅ ነው። የብቸኛ ሰው ኀዘን ነው። ኀዘንን ጋኔን ብሎ መጥራት ከየት መጣ?

ወፍራም ድምፅ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አሥር አውታር ያለው በገና ዝቅ ብሎ የሚነዝር ድምፁ የሚወጣው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገቡ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። በኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ዘንድ በተለይ በዐቢይ ጾም ለተመስጦ ይደረደራል። በዘመናችንም ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የአገራችንን የዜማ መሣሪያዎች ከኤሌክትሮኒክ ቤዝ ጋር አዋሕደዋል።

ወደ ቃሉ እንምጣ። በኢሳይያስ 16፥11 ነቢዩ ስለ ሞዓብ ሲያዝን የውስጡን ድምፅ ከበገና ጋር ያመሳስለዋል። ኀዘን አንጀት ውስጥ እንደሚነዝር መጽሐፍ ቅዱስ ያውቃል። መዝሙር 88 የሚያልቀው በጨለማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደስ የሚል ስንኝ አልተቀጠለለትም። ሮሜ 8 ስለማይነገር መቃተት ይናገራል። የእኛ የአምልኮ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ ከጭብጨባ ወደ እልልታ ነው የሚሄደው። እናቱን የቀበረ፣ ሥራ ያጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው ወጣት ኀዘኑን የሚያኖርበት ቦታ በመካከላችን ሲያጣ፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያገኘዋል። ያንንም «አጋንንት» ስንለው እርሱ የሚሰማው «ኀዘንህ አጋንንት ነው» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ባይመጣ ሊደንቀን አይገባም።

«ታዲያ ሁሉም ይፈቀዳል ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን እንድንፈትን ያዘናል። የሚፈተነው ግን ቃሉ፣ የሚያስከትለው ኑሮና በልብ የሚያፈራው ፍሬ ነው። ስካርና ዝሙት ያለበትን ምሽት ሽሹ፤ ዜማው ቀጭንም ይሁን ወፍራም። የድምፅ መወፈር ብቻውን ርኩሰት ከሆነ ግን በኮንፈረንሶቻችን ድንኳኑን የሚያንቀጠቅጡትን ትልልቅ ስፒከሮች አስቀድመን እናጥፋ። አየርን ያንቀሳቀሰውም፣ ጆሮን ያበጀውም አንድ ፈጣሪ ነው።

እረኞች ሆይ፣ ከማውገዛችሁ በፊት ከወጣቱ ጋር ተቀምጣችሁ አዳምጡ፤ ምን እንዳሳዘነውም ጠይቁት። ዘማሪዎች ሆይ፣ ለሚያለቅስ ሰው የሚሆን ዜማ ስጡን። ጌታን ገና እየፈለግህ ያለህ ወንድሜ፣ እየፈለግሽ ያለሽ እህቴ፣ ያ ጨለማ ድምፅ የውስጣችሁን ከተናገረላችሁ አትፈሩ። በአልዓዛር መቃብር ፊት ያለቀሰው ኢየሱስ ያንን ጨለማ ያውቀዋል። ቤዙ ኀዘናችሁን ሊናገርላችሁ ይችላል፤ ሊሸከመው ግን አይችልም። የሚሸከመው እርሱ ነው።