ናፍቆት ብቻውን አይበቃም

በደብረ ብርሃን ካሉት ጓደኞቻችን መካከል ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለውን አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እስከ ዛሬ እያነሡ የሚያወድሱ አሉ። ሌሎች ደግሞ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» እያሉ ይሥቁባቸዋል። እኛ ለሁለቱም ወገን የምንለው አለን።

ኤክስፒ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ወጥቶ በ2014 የሠሪው ድጋፍ ተቋረጠበት። ከታላላቆቻችን ብዙዎች፣ ከእኛም አንዳንዶች፣ ኮምፒዩተርን ያወቅነው በእርሱ ነው። በገጹ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ኮረብታ በ1996 በካሊፎርኒያ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢሆንም፣ ለእኛ ክረምት ሲወጣ ያለውን የአንኮበርን መንገድ ያስታውሰን ነበር።

አንኮበርን ካነሣን ዘንድ፣ ነገሥታቱ ትተውት ከሄዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ከቤተ መንግሥቱም የቀረው ፍርስራሽ ነው። ሆኖም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮረብታውን የሚወጣ ሰው አልጠፋም። የሚወጣውም መናገሻው ይመለስ ብሎ ሳይሆን ከየት እንደ መጣ ለማየት ነው። ስለዚህ አሮጌውን መናፈቅ ነውር አይደለም።

የኮምፒዩተሩ ነገር ግን ከፍርስራሹ ይከፋል። ቀድሞ አንድ ፎንት ከ256 ምልክት በላይ አይዝም ነበር። የእኛ ፊደል ከዚህ ስለሚበዛ ለሁለት ፎንት እየተከፈለ፣ ወይም ከቁራጭ እየተገጣጠመ፣ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይቀመጥ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን 345 ቁጥሮች የሰጠው በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ መጻፉ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ብቻ ይታያል። ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ተኝቶ ይሆን? የጥንት ብራና እያነበብን የ20 ዓመት ጽሑፍ ማንበብ ቢያቅተን ምን ይባልልናል?

በውጭው ዓለም በ1994 ፍሪዶስን የጀመሩት ሰዎች ለአሮጌው ዶስ የተሠሩ ፕሮግራሞች ዛሬም እንዲሠሩ አድርገዋል። ናፍቆታቸውን ወደ ሥራ ለወጡት ማለት ነው። እኛስ?

ሐሳባችን ቀላል ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነፎንቶቹ ይጠበቅ፤ ቀዳዳውን የሚደፍንለት የለምና ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ። በእርሱ ላይ እየተነበበ አሮጌው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። የሚለውጠው ፕሮግራም ይሳሳታልና ተማሪው በዓይኑ ያርመው።

ባለፈ ክረምት ቤት እንደማይሠራ እናውቃለን። ነገር ግን በአሮጌው ቤት ውስጥ እህል ካለ፣ ጣራው ሳይወድቅ ማውጣት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ባለቤቶቹም እኛ ነን።