የአሰብን ዕጣ ለወሰኑት፣ ከየካ አባዶ



ስምዎን አልጽፍም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ድንበር ወዲህ ይሁኑ ወዲያ፣ ብቻዎን ወስነው ይሁን ከብዙዎች ጋር መክረው፣ እሱንም አላነሣም። ስለ አሰብ ሲወሰን ቃላቸው ይሰማ ከነበሩት አንዱ ነዎትና ደብዳቤው የእርስዎ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው። ማታ ማታ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ ሲገባ ሁለት ብርድ ልብስ ትደርብና «አሰብ እኮ አንሶላም ይከብደን ነበር» ትላለች። እኔ መልስ የለኝም። እርስዎ ይኖርዎት እንደሆን ብዬ ነው።

እኛና እርስዎ እንግዳ አይደለንም። በልጅነትዎ በኩራዝ አጥንተው ከሆነ፣ ላምባው ከእኛ ሰፈር የመጣ ሊሆን ይችላል። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ለአገሩ ሁሉ ነበር የሚያጣራው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከባሕር ማዶ የመጣው እህል ብዙው የተራገፈው በእኛ ወደብ ነው። በዚያ ሐሩር ጆንያ የተሸከሙት የካምቦ ሱዳን ሰፈር ወዛደሮች ማታ ራታቸውን በልተው ይደሩ አይደሩ የጠየቀ ግን አልነበረም። ኤንትሬው የጭነት መኪና ተሳቢውን እየጎተተ በቡሬ፣ በማንዳ፣ በዲቾቶ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ሽቅብ ሲወጣ፣ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባው የእርስዎን ጓዳ ሊሞላ ነበር። ውለታ ልቆጥር አይደለም፤ ዝምድናችንን ላስታውስዎ ብዬ ነው።

አባቴ የማጣሪያው ሠራተኛ ነበር፤ በፈረቃ ይገባል። በሰኔና በሐምሌ ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም፤ ሰፈሩ በሙሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚያድረው። እናቴ አንሶላውን ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ ታለብሰን ነበር፤ ሳይደርቅ እንቅልፍ ከወሰደን ወሰደን፣ ካልሆነ እንደገና መንከር ነው። አባቴ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ በአልጋዎቹ መሐል እየተሽሎከለከ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ልጅ እየሸፈነ ያልፋል። በግራ የአፋር ቤተሰብ፣ በቀኝ ከወሎ የመጡ፣ ፊት ለፊት ትግርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በአሰብ ስጊርም በአሰብ ከቢርም ሰፈር «አገርህ የት ነው?» የሚባለው ለቀልድ ነበር። ለቁም ነገር መጠየቅ የተጀመረው በኋላ ነው፤ ከማን እንደተማርነው እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ማጣሪያው እንዲዘጋ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ አያዋጣም ተባለ። እውነት ለመናገር ሒሳቡ ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ መሣሪያው አርጅቶ ነበር፣ የተጣራውን ገዝቶ ማስገባት ይረክሳል ይባል ነበር። ቅር ያለኝ መዘጋቱ አይደለም። አንድ ከተማ በማጣሪያና በወደብ ብቻ ሲኖር አንዱ ሲዘጋ ሰዉ በምን ያድራል ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ለብሶ እስከ በሩ ይሄድና ይመለስ ነበር። ብዙም አልቆየ፤ እዚያው ተቀበረ።

ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. መጣ። የሁለቱ አገሮች ጦርነት የፈነዳው በባድመ ሆኖ ሳለ የእኛም ጎጆ ፈረሰ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፣ ወደቡ ጭር አለ፣ እኛም ሁለት ሻንጣ ይዘን፣ የአባቴን መቃብር ደህና ሁን ሳንል፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን፣ የእናቴን የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ለጎረቤት አደራ የሰጠነውን ዕቃ ሁሉ ትተን፣ ያሳደጉን ጎረቤቶች በር ዘግተው ሲያለቅሱ እየሰማን፣ ማን ጠላት ማን ወዳጅ እንደሆነ በሬዲዮ እየተነገረን ወጣን። እነዚያ ጎረቤቶችስ ምን አጠፉ? ሥራ በሌለበት ከተማ የቀሩት እነሱ ናቸው፤ እነሱም የሚያዝኑብዎት ይመስለኛል።

መታወቂያ ላወጣ በሄድኩበት አንድ መስኮት «የትውልድ ቦታ?» ተባልኩ። አሰብ አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «የት ክልል?» አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ ልጁ የተወለደው እኛ ከወጣን በኋላ ነው። አሰብ የምትገባበት ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም፣ እኔም የለሁም ማለት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ የባሕር በር ወሬ በየቦታው ይሰማል። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1869 መሬቱን ከገዛ ጀምሮ ስለ አሰብ ሲወራ የሚወራው ስለ መርከብና ስለ ቶን ነው። ካርታው ይዘረጋል፣ ርቀቱ ይለካል፣ ኖረንባት የነበርነው ሰዎች ግን በአንዱም ጎን አንጠራም። እባክዎ፣ በእኛ ናፍቆት የጦር ነጋሪት አይመታበት። አንዴ በጦርነት አጥተናታል፤ በሌላ ጦርነት ትመለስልን ያለ ከመካከላችን የለም፤ ካለም እኔ አብሬው አይደለሁም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል አለች። የብሎኩ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት መጣ፤ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ እሷም ለአባቴ መቃብር የምታሠራውን የድንጋይ ጽሑፍ እስከ ቃሉ ድረስ አዘጋጅታ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረች፤ ለፋሲካ እንሄዳለን፣ ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን፣ መንገዱ ይጣራ፣ ክረምቱ ይለፍ እያልን ስንጠብቅ፣ እንደተከፈተ ሁሉ ምክንያቱ ሳይነገረን ተዘጋ። ሲዘጋ የሚያስረዳን ሰው እንኳ አላገኘንም፤ እኛ ምን አድርገን እንደሆነ ቢነግሩን ይቅርታ በጠየቅን ነበር።

ብዙ አልለምንዎትም። ቤታችን ይመለስ አላልኩም፤ ካሳም አልጠየቅሁም። ከቡሬ እስከ አሰብ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወታደር ያልሆነ ሰው፣ መሣሪያ ያልያዘ፣ መታወቂያው ተመዝግቦ፣ በዓመት ለጥቂት ቀን እንኳ ቢሆን ሄዶ ሙታኑን ጎብኝቶ፣ የቀሩትን ጎረቤቶቹን ጠይቆ ይመለስ፤ ከዚያ ያሉትም እንዲሁ ወዲህ ይምጡ። ቃልዎ ዛሬም የሚሰማ ከሆነ ይህን ይናገሩልን። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ እባክዎ አይዘግዩ።