ጥፍሩን ትተን ስለ ሳንባዋ እናውራ

በየጥቂት ወሩ ማኅበራዊ ሚዲያችን በሴት ልጅ ጥፍር ይንጫጫል። አንዱ «በዚህ ኑሮ ለጥፍር ይህን ያህል ብር?» ይላል። ሌላው «ገንዘቧ፣ ጥፍሯ፣ ምን አገባህ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ከፋይዋ ነው። ጥፍሩን ስለምትሠራው ልጅ ትንፍሽ የሚል የለም።

እኔም ትንፍሽ ካላሉት አንዱ ነበርኩ። በቅርቡ ታናሽ እህቴን ይዤ ቦሌ አካባቢ አንድ ጥፍር ቤት ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሠራተኛዋ የምትሠራው በኤርብረሽ ነበር። ለማታውቁት፣ ኤርብረሽ እስክሪብቶ የሚያክል ቀለም መርጫ ነው፤ ከኮምፕረሰር የሚመጣው አየር ቀለሙን እንደ ጉም በትኖ ያወጣዋል። ልጅቷ ቅርጽ የወጣለት ስስ ፕላስቲክ ጥፍሩ ላይ አስቀምጣ ትረጫለች፤ ስታነሳው አበባው ይቀራል። ነጩ ወደ ሮዝ ሲለወጥ ድንበሩ የት እንደሆነ አይታይም። እጇ ትንሽ ከቀረበ ቀለሙ ይዝረከረካል። ይህን ሙያ «ቅብጠት» የሚል ሰው አንድ ጥፍር ሞክሮ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ችግሩ፣ የተረጨው ሁሉ ጥፍር ላይ አያርፍም። የተረፈው አየር ላይ ይቀራል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ የልጅቷ ፊት ከመርጫው ቢርቅ ሁለት ስንዝር ነው፤ ማስክ የላትም። ለምን ስላት «ደንበኛ ታማለች ብሎ ይሸሻል» አለችኝ። ማታ ስትናፈጥ የዕለቱ ቀለም እንደሚወጣት እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«ቀለሙ እኮ ውኃ ነው» የሚል ባለቤት አለ። ውኃ ቢሆንም ጉሙ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ሳንባ ይገባል። በዚያ ላይ የአሴቶኑ ጭስና የሚሞረደው ጄል ብናኝ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ጄል ለማድረቅ የሚያገለግለውን ቲፒኦ የተባለ ኬሚካል ለመራቢያ ጤና ያሰጋል ብሎ ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥፍር ምርቶች አግዷል። እኛ ጋ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ማን ነው?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ባለቤቶቹ ግን «በፐርሰንት ነው የምትሠራው፣ ሠራተኛዬ አይደለችም» ይላሉ። ወንበሩ የእነሱ፣ ኮምፕረሰሩ የእነሱ፣ ዋጋ ተማኞቹ እነሱ፣ የመግቢያ ሰዓት ወሳኞቹ እነሱ። ሳንባው ሲሆን ብቻ የእሷ!

«ቁጥጥር ከመጣ ትንንሽ ቤቶች ይዘጋሉ» የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ናቸው። ግን ማንም ይዘጉ አላለም። ኮምፕረሰር የገዛ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ አየር ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን መግዛት አያቅተውም። ተራው የሐኪም ማስክ የኬሚካል ሽታ አያስቀርም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። መስኮት መክፈት ደግሞ በነፃ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ የጥፍር ቤት ሠራተኞችን በደል ካጋለጠ በኋላ የግዛቲቱ አስተዳደር በቀናት ውስጥ አስቸኳይ እርምጃ ወስዷል። ማስክና ጓንትም የዚያ አካል ነበሩ። እዚያ ጉዳዩ የሠራተኛ መብት ሆነ፤ እዚህ የሴቶች ሐሜት ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የጥፍር ክርክሩ ዳግም ሲነሳ፣ ለተቺውም ለተከራካሪውም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የሠራችው ልጅ ምን እየተነፈሰች ነበር? እናንተ ደንበኞች ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዲዛይኑ በፊት መስኮቱን አስከፍቱ። ማስክ ያደረገችውንም አትሽሹ። የታመመች እሷ አይደለችም፤ እንዳትታመም የምትጠነቀቅ ናት።